ሕልም ተፈርቶ ሳይተኛ አይታደርም
(በተማሪዎች ማኅበር የምሽት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)




ይህን ንግግር ያዘጋጀነው ሦስት ሰዎች ነን። ሦስታችንም የፎገራ ልጆች ነን። ጽሑፉን በአንድነት ስላሰናዳነው «እኛ» እያልን እንናገራለን። በየቦታው «ከኛ አንዱ» ወይም «ከኛ አንዷ» ስንል ግን ማን እንደ ሆነ እንዳትጠይቁን እንለምናለን። ነገሩ የሚያሳፍር ሆኖ አይደለም፤ ሰው ሕልሙን በአደባባይ ሲናገር ጥቂት መሸሸጊያ ስለሚያስፈልገው ነው።

የማኅበሩ ጸሐፊ «አርእስታችሁ ምንድን ነው?» ብሎ ቢጠይቀን «ስለ ሕልም ነው» አልነው። እሱም ስቆ «እኔስ እናንተ ፎገሬዎች ስለ ሩዝ ወይም ስለ ላም ትናገራላችሁ ብዬ ነበር» አለን። አይዞት፤ ላምም ሩዝም አለበት።

የምንናገረው ስለ ማንኛውም ሕልም አይደለም። ሰው ተኝቶ ሳለ፥ ሕልሙ ሳይቋረጥ፥ «ይህ የማየው ሕልም ነው» ብሎ ስለሚያውቅበት ሕልም ነው። ለአነጋገር እንዲያመቸን «ንቁ ሕልም» እንበለው። ከናንተም ውስጥ ብዙዎቻችሁ ሳታዩት አልቀራችሁም። በ50 ዓመት ውስጥ የተደረጉ ጥናቶችን ሰብስበው በአውሮፓ አቆጣጠር በ2016 ያወጡ ተመራማሪዎች ከተጠየቁት ሰዎች 55 በመቶ የሚሆኑት በዕድሜያቸው ቢያንስ አንድ ጊዜ አይተውታል ብለዋል። 23 በመቶ የሚሆኑት ደግሞ በወር አንድ ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ያዩታል። እንግዲህ እኛ የተለየን ሰዎች ነን ለማለት አልመጣንም። የመጣነው ይህ ነገር አንድ ጊዜ እንደ ጠቀመን፥ አንድ ጊዜ ደግሞ እንደ ጎዳን ለመንገር ነው።

ፎገራን የማያውቅ ቢኖር በአጭሩ እንንገረው። ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ የተዘረጋ ለጥ ያለ ሜዳ ነው። ርብና ጉማራ የሚባሉት ወንዞች ከጉና ተራራ ወርደው ሜዳውን አቋርጠው ወደ ጣና ይገባሉ፤ ክረምቱ ሲበረታም ከመሄጃቸው ወጥተው በሜዳው ላይ ይተኛሉ። ከተማችን ወረታ ናት፤ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድና ወደ ደብረ ታቦር የሚታጠፈው መንገድ የሚለያዩባት። መስከረም ጠብቶ ውሃው ሲሸሽ በቆሎው ይደርሳል፥ ሩዙም ያሸታል። በዚያን ጊዜ እህሉን ቀን ከወፍ፥ ሌሊት ከጃርትና ከከርከሮ የሚጠብቀው ልጅ ነው። በአራት እንጨት ላይ ማማ ይሠራለታል፤ አንድ ጋቢና አንድ ወንጭፍ ይሰጠዋል፤ ከዚህ በኋላ ሌሊቱ የሱ ነው።

ከኛ ሁለቱ በማማ ላይ አድገናል። ጥበቃው እንዲህ ነበር፦ ከራት በኋላ ማማው ላይ ወጥተን እንተኛለን። ከሌሊቱ 9 ወይም 10 ሰዓት ሲሆን፥ ከርከሮ የሚመጣበት ሰዓት ነውና፥ የጎረቤቱ ጠባቂ በስማችን ይጠራናል። ተነሥተን «ሆ!» እንላለን፤ ድንጋይ እንወነጭፋለን፤ ጥቂት ተጫውተንም፥ ሊነጋጋ ሲል ደግመን እንተኛለን። በዚያች በሁለተኛዋ እንቅልፍ የሚመጣው ሕልም ከሌላው ሁሉ የተለየ ነበር። ቀለሙ የደመቀ፥ ነገሩም ቅርብ ነው።

ከኛ አንዱ የመጀመሪያውን ንቁ ሕልም ያየው እዚያው ማማ ላይ ነው። በሕልሙ ከርከሮ መጣበት። ወንጭፉን አዙሮ ቢለቀው ድንጋዩ ሄደ፥ ሄደ፥ ግን አልወደቀም። ልጁም ቆሞ ድንጋዩን ሲጠብቅ «የተወረወረ ድንጋይ ሳይወድቅ አይቀርም፤ እንግዲያውስ ተኝቻለሁ ማለት ነው» ብሎ ዐሰበ። ይህን ባወቀ ጊዜ ደስ አላለውም። «ተኝቼ ከርከሮው በቆሎውን ጨረሰው፤ አባቴ ሊገድለኝ ነው!» ብሎ በሕልሙ ውስጥ ራሱን ለመቀስቀስ ይታገል ጀመር። ይኸው ነው። በመጽሐፍ እንደምናነበው በሰማይ የበረረ፥ ቤተ መንግሥት የገባ ከኛ መካከል አልነበረም። የድኻ ልጅ በሕልሙም የጥበቃ ተራው አይቀርለትም።

ከዚህ ጋራ የተያያዘ ሌላ ነገር ደግሞ መጣ። በጥቅምት መጨረሻ አንድ ማለዳ ይኸው ልጅ ማማው ላይ ነቃ፤ ዓይኑን ገልጦ ጉሙ በጓያው እርሻ ላይ ተኝቶ ያያል፤ ነገር ግን እጁንም እግሩንም ማንቀሳቀስ አልቻለም። ደረቱ ላይ አንድ ነገር ተቀምጦበታል። ሊጮኽ ቢሞክር ድምፁ አልወጣም። ጥቂት ቆይቶ ሲለቀው እየሮጠ ወደ ቤት ገባ። አያቱ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠ። በአገራችን ጓያ ሰውን ሽባ እንደሚያደርግ የታወቀ ነው፤ ብዙ ሰው ደግሞ እንፋሎቱ ብቻ ይበቃል ብሎ ያምናል። «ልጄን የጓያ እንፋሎት መታብኝ» አሉና በማግሥቱ ይዘውት ወደ ወንዛዬ ወረዱ።

ወንዛዬ በጉማራ ወንዝ አጠገብ፥ በደራ ወረዳ ያለ ፍል ውሃ ነው። ወገቡን የታመመ፥ እግሩ የከበደው፥ ቆዳው የቆሰለ ሁሉ ለመታጠብ ይወርዳል። አያትና የልጅ ልጅ እዚያ ሰባት ቀን ሰነበቱ። ልጁ ጧትና ማታ በሙቁ ውሃ ይታጠባል፤ ማታ ማንም በ10 ሰዓት የሚጠራው ስለሌለ እስኪነጋ ይተኛል። ያ ነገር አልተመለሰበትም፤ አያቱም ውሃውን አመስግነው ተመለሱ።

ዛሬ ስንማር፥ ጓያ ሽባ የሚያደርገው ለብዙ ወራት ዋና ምግብ ሆኖ ሲበላ በፍሬው ውስጥ ባለው መርዝ እንጂ በእንፋሎቱ እንዳልሆነ ዐወቅን። ነገር ግን አያቱን ለመንቀፍ አንደፍርም። ልጁ በወንዛዬ ያገኘው ነገር ምን እንደ ሆነ ሲጠየቅ፥ እሳቸው «ውሃው ነው» ይላሉ፤ እኛ ደግሞ ሰባት ሌሊት ሙሉ እንቅልፍ መተኛቱን ሳንቈጥር ልናልፍ አንችልም።

አሁን ወደ ዩኒቨርሲቲው እንምጣ። ዓመታት አለፉና ያ ልጅ ተማሪ ሆነ። የፈተና ጊዜ ሲደርስ እንደ ብዙዎቻችን ጫት መቃም ጀመረ፤ «እስከ ፈተናው ብቻ» ብሎ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባለው ንጥረ ነገር እንቅልፍን ያርቃል። የራቀው እንቅልፍ ግን ዕዳ ነው፤ ይቆያል እንጂ አይሰረዝም። ፈተናው አልቆ ጫቱን ሲተው ዕዳው ከነወለዱ መጣ። ሌሊት ነቅቶ ሳለ መንቀሳቀስ ያቅተዋል፤ በሩ ተከፍቶ ሰው ሲገባ ያያል፤ ያ ሰው መጥቶ ደረቱ ላይ ይቀመጣል። ይህ በአገራችን ስሙ የታወቀ ነው፤ ዱካክ ይባላል። ጫት ያቆመን ሰው ዱካክ ይይዘዋል ሲባልም ሁላችን ሰምተናል።

ጓደኛችን ይህን ለማንም አልነገረም። ቢናገር ግማሹ ይስቅበታል፥ ግማሹም «መንፈስ አለበት» ብሎ አልጋውን ያርቅበታል ብሎ ፈራ። ከዚያ ይልቅ አለመተኛትን መረጠ። ላለመተኛትም ወደ ጫቱ ተመለሰ። ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል፤ ማታ መብራት ሥር ዓይኑን አፍጦ ይቀመጣል። ትምህርቱን ለማቋረጥ ቅጹን ሞልቶ በኪሱ ይዞ ሳለ ነው አንድ ሌሊት የነገረን። ከኛ አንዷም ይህን ስትሰማ «ሕልም ተፈርቶ ሳይተኛ አይታደርም ሲባል አልሰማህም?» አለችው። እሱም «እኔ አድሬበታለሁ» ብሎ መለሰላት። ማንም አልሳቀም።

ከዚያ በኋላ ሦስታችን ተባብረን ማንበብ ጀመርን። ያገኘነውን በአጭሩ እነሆ።

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1953 ዩጂን አሰሪንስኪና ናትናኤል ክላይትማን የሚባሉ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፥ የተኛ ሰው ዓይኑ ከሽፋሽፍቱ ሥር በፍጥነት የሚንቀሳቀስበት የእንቅልፍ ክፍል መኖሩን ገለጡ። ደማቁ ሕልም አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው በዚህ ክፍል ነው፤ ይህም ክፍል ወደ ንጋት እየረዘመ ይሄዳል። በዚያን ጊዜ አንጎል የሰውነትን ጡንቻ ይቈልፋል፤ ዓይንና መተንፈሻ ብቻ ይቀራሉ። ቍልፉ ባይኖር ኖሮ በሕልማችን ስንሮጥ ከአልጋ ላይ በወደቅን ነበር። ዱካክ የምንለው እንግዲህ አእምሮ ቀድሞ ነቅቶ ቍልፉ ሳይከፈት ሲቀር ነው። ሕልሙ ገና ስላላለቀ ሰው ሲገባ ይታያል፤ የደረት ጡንቻም ስለ ተያዘ ክብደት ይሰማል። እንቅልፍ በጎደለበት ሰው፥ የመኝታ ሰዓቱ በተዛባበት፥ በጀርባውም በተኛ ሰው ላይ ይበዛል። ማማ ላይ የነበረውም፥ መኝታ ቤት የመጣውም ይኸው አንድ ነገር ነበር።

ንቁ ሕልም ደግሞ የዚህ ጎረቤት ነው። በዱካክ ሰው ነቅቶ ሳለ ሕልሙ ይቀጥላል፤ በንቁ ሕልም ተኝቶ ሳለ ዕውቀቱ ይነቃል። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ አሪስጣጣሊስ የተኛ ሰው አንዳንድ ጊዜ የሚያየው ሕልም መሆኑን እንደሚያውቅ ጽፏል። በ1913 ለዚህ ሕልም ዛሬ በምዕራቡ ዓለም የሚጠራበትን ስም ያወጣለት ፍሬደሪክ ቫን ኤደን የሚባል የሆላንድ ሐኪምና ደራሲ ነው። ቢሆንም ሊቃውንቱ ብዙ ጊዜ አላመኑም፤ «ዐወቅሁ የሚለው ጥቂት ነቅቶ ነው» ይሉ ነበር። በ1975 በእንግሊዝ አገር፥ በኸል ዩኒቨርሲቲ፥ ኪት ኸርን የሚባል ተመራማሪ አላን ዎርስሊ ከሚባል ሰው ጋራ ተስማማ። ዎርስሊም ተኝቶ ሕልም መሆኑን ባወቀ ጊዜ ዓይኑን ከግራ ወደ ቀኝ ደጋግሞ በማንቀሳቀስ ምልክት ሰጠ፤ ዓይን ከቍልፉ ነፃ ነውና። መሣሪያውም ሰውዬው በእውነት ተኝቶ መሆኑን መዘገበ። ትንሽ ቆይቶ በአሜሪካ አገር በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ስቴፈን ላበርጅ ይህንኑ አረጋገጠ።

በ2021 ደግሞ በአሜሪካ፥ በፈረንሳይ፥ በጀርመንና በሆላንድ ያሉ አራት የምርምር ቡድኖች በሕልም ውስጥ ላሉ ሰዎች ጥያቄ አቀረቡላቸው። አንዱ ጥያቄ «ከ8 ላይ 6 ሲቀነስ ስንት ይቀራል?» የሚል ነበር፤ የተኛውም ሰው በዓይኑ ሁለት ብሎ መለሰ። ነገር ግን ሁሉ ይሳካል ብላችሁ እንዳታስቡ፤ 158 ጊዜ ተሞክሮ ትክክለኛ መልስ የተገኘው 29 ጊዜ ብቻ ነው።

በዚሁ ንባባችን ያስገረመን አንድ ነገር አለ። ንቁ ሕልምን ለማየት ተመራማሪዎቹ ከሚመክሩት ዘዴ ዋነኛው፥ አምስት ሰዓት ያህል ተኝቶ መነሣት፥ ጥቂት ነቅቶ መቆየት፥ ከዚያም «አሁን ሕልም ሳይ ሕልም መሆኑን ዐስታውሳለሁ» ብሎ ደግሞ መተኛት ነው። ይህ የማማችን ሥርዓት አይደለምን? ዘዴውን የፎገራ ከርከሮ ሳናውቀው አስተምሮናል።

ጓደኛችን ይህን ካወቀ በኋላ የሆነውን እንንገራችሁ። ከሳምንት በኋላ ዱካኩ መጣ። በሩ ተከፈተ፤ ሰውዬው ገባ። ጓደኛችንም መታገሉን ትቶ በልቡ «ጡንቻዬ ተቈልፎ ነው፤ አንተም ሕልም ነህ» አለው። ትንፋሹን ቀስ አድርጎ እየሳበ የእግሩን አንድ ጣት ለማንቀሳቀስ ሞከረ። ሰውዬው ወዲያው አልጠፋም። መጥቶም ደረቱ ላይ ተቀመጠ። ነገር ግን ልክ እንደ ደከመው እንግዳ ነበር፤ ጥቂት ተቀምጦ ሄደ። በማግሥቱ ጓደኛችን ቅጹን ቀደደው። ጫቱን ተወ፤ በሰዓቱ መተኛት ጀመረ፤ በጎኑ ተኛ። ዱካኩ በየጊዜው እየራቀ ሄደ፤ አልፎ አልፎ ቢመጣም አሁን የሚያውቀው ሰው ነው።

ከኛ አንዷ ደግሞ የራስዋ ጉዳይ ነበራት። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ፎገራንና ሊቦ ከምከምን ባጥለቀለቁ ጊዜ ገና የአራት ዓመት ልጅ ነበረች። እናቷ አዝላት ከቤት ስትወጣ ከቤታቸው የቀረችው የፎገራ ላም በውሃ ስትወሰድ አይታለች። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ክረምት በገባ ቍጥር ያንኑ ውሃ በሕልሟ ታያለች፤ ውሃው ይሞላል፥ ትሮጣለች፥ ትጮኻለች፥ ትነቃለች። ፈርዖን በሕልሙ ሰባት ወፋፍራም ላሞች ከወንዝ ሲወጡ አይቶ ዮሴፍ ፈታለት፤ የሷ ላም ግን ወደ ወንዝ ስትገባ እንጂ ስትወጣ አይታ አታውቅም።

እኛ ይህን ማንበብ ከጀመርን በኋላ ማታ ማታ «ላሚቱን ሳይ ሕልም መሆኑን ዐውቃለሁ» እያለች ትተኛ ጀመር። ሁለት ወር ያህል ምንም አልሆነም። በሐምሌ አንድ ሌሊት ውሃው መጣ፤ ላሚቱም መጣች። በዚያን ጊዜ «ይህች ላም ከሞተች ስንት ዓመቷ፤ እንግዲያው ይህ ሕልም ነው» አለች። በመጀመሪያ ውሃውን ልታቆመው ዐሰበች፤ «ተመለስ!» ብላ አዘዘችው፤ አልታዘዘም። ስለዚህ መሮጥዋን ተወች፤ ቆመች። ውሃው እስከ ጕልበትዋ፥ እስከ ወገብዋ፥ እስከ ደረትዋ መጣ። ሙቅ ነበር አለችን፤ እንደ ወንዛዬ ውሃ። ላሚቱም አጠገብዋ መጥታ ቆመች። ከዚያ ነቃች፤ አለቀሰችም፤ ነገር ግን የፍርሃት ልቅሶ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ውሃው በሕልሟ ሁለት ጊዜ ብቻ መጥቷል።

እስከዚህ ድረስ ጥቅሙን ነገርናችሁ፤ አሁን ጥፋታችንን እንናዘዝ። ነገሩ ሲሳካልን ልባችን አበጠ። «የማማውን ሥርዓት ለምን በየሌሊቱ አናደርገውም?» ብለን ደወል ሞልተን ከሌሊቱ በ10 ሰዓት እንነሣ ጀመር። አንድ ወር ሙሉ እንዲህ አደረግን። ሕልም አየን፤ አንዱ በረረ፥ አንዱ ከጣና በታች ሄደ፤ ቀን ቀን ግን ሦስታችንም የቆምን ሬሳ ሆንን። በመምህሩ ፊት አንቀላፋን፤ አንድ ፈተና ሁለታችን ወደቅን፤ የተሻለው ጓደኛችንንም ዱካክ መልሶ ያዘው። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ከኛ አንዱ ነቅቶ ሳለ ሕልም ይሁን እውን ይጠራጠር ጀመር። በዚያን ጊዜ ደወሉን አቆምን። ጫትን የተውነው እንቅልፋችንን ስለ ሰረቀን ነው፤ እኛ ራሳችን ደግሞ በዕውቀት ስም መልሰን ሰረቅነው። ሌባው ቢለወጥ ጉዳቱ አይለወጥም።

ከዚህ ሁሉ የተማርነው አንድ ነገር ነው። ንቁ ሕልም ያየ ሰው ሕልሙን አይገዛም፤ ውሃውም አይታዘዘውም፤ የሚያገኘው ነፃነት ከፍርሃት ብቻ ነው፤ እሱም ይበቃል። ይህንንም ነፃነት በእንቅልፍ ዋጋ ሊገዙት አይገባም።

ስለዚህ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፥ ሦስት ልመና አለን። በመኝታ ቤታችሁ ዱካክ የሚይዘው ተማሪ ቢኖር አትሳቁበት፥ አልጋችሁንም አታርቁበት፤ ምን እንደ ሆነ ንገሩት፥ በእንቅልፉም ሰዓት መብራት አጥፉለት። ጠበል መሄድ የሚወድ ይሂድ፤ ግን ደግሞ ይተኛ። ሌሊት ሌሊት ፍርሃቱ የማይለቀው፥ ወይም ቀን ነቅቶ ሳለ ሌላው የማያየውን የሚያይና የማይሰማውን የሚሰማ ቢኖር ደግሞ ይህ በንቁ ሕልም የሚታከም አይደለምና ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። እናንተም ክቡራን መምህራን፥ በክፍላችሁ የሚያንቀላፋ ተማሪ ስታዩ ሁልጊዜ ሰነፍ ነው አትበሉ፤ ምናልባት መተኛት የፈራ ይሆናል፤ አንድ ጊዜ ለብቻው ጠርታችሁ ጠይቁት።

አባቶቻችን ሕልም እንደ ፈቺው ነው ብለዋል። እኛም ያየነውን ነገርናችሁ፤ አፈታቱን ለናንተ ትተናል። አሁን ሰዓቱ መሽቷል፤ ነገም ትምህርት አለ። ደኅና እደሩ፤ መልካም ሕልም ያሳያችሁ።